የብሉቱዝ መመሪያችን ገጽ አርባ ሰባት

ሉንድ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2024

ውድ ቶርግኒ፣

ካርድህ ደረሰኝ። እኔ አራት ገጽ ሙሉ ልቤን ዘርግፌ ጽፌልህ፣ አንተ ምን ብለህ መለስክ? «አያስፈልግም። ተይው። ሰላም።» ፊርማህን ከቆጠርኩልህ አራት ቃል ይሞላል። በዚያ ላይ የካርዱ ሥዕል አይብ ነው! ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ለቁም ነገር የአይብ ሥዕል ይልካል? አይ አንተ።

ልተወውም ነበር፣ እውነቴን ነው። ሁለት ቀን ካርዱን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አቁሜ ሳየው ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ደሜ ፈላ። ስለዚህ መነጽርህን አድርገህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ይኼን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። የእህትህ ልጅ ደውላ ጆሮው ከዳው ብላኛለች፤ ዓይኑም ከዳው አላለችኝም።

ነገሩን አንድ ጊዜ ደግሜ በግልጽ ላስቀምጠው። የብሉቱዝ መመሪያችን ስምንተኛ እትም በጁን ይወጣል። እኔ በሽፋኑ ላይ ያንተ ስም ከእኔ ስም በላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። አዲሷ አሳታሚ ደስ ይላታል፣ ግን ያለ አንተ ፊርማ የማንንም ስም ሽፋን ላይ አላወጣም ትላለች። አንተ ደግሞ አልፈርምም ብለሃል። ላለመፈረም ምክንያት ይኖርህ ይሆናል፤ እኔም ለማስፈረም ያለኝን ምክንያት ዛሬ ከነሥሩ ልንገርህ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁና።

ያኔ ስንገናኝ እኔ ሃያ አራት ዓመት ስዊድንኛ ያስተማርኩ፣ የልጆች ድርሰት ማረም የሰለቸኝ ሴት ነበርኩ። ዮቴ ያቺን ትንሽዬ ማተሚያ ቤት ከፍቶ፣ «መሐንዲሶች የሚጽፉትን ሰው እንዲያነበው የሚያደርግልኝ እፈልጋለሁ» ብሎ ጋዜጣ ላይ ሲያወጣ ሳላስበው አመለከትኩ። የመጀመሪያ ቀን ከሺህ ገጽ በላይ የሆነውን የብሉቱዝ ደንብ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገው። ሁለት ቀን አነበብኩት። በዚህችው ከተማ የተጠነሰሰ ነገር ነው፣ የጻፉት ሰዎች እኔ በምገዛበት ሱቅ ነው የሚገዙት፣ ግን አንድ ገጽ ገብቶኝ ከሆነ እርም ልበል! በሦስተኛው ቀን አንተ መጣህ፤ የብሉቱዝን ሬዲዮ ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ፣ ረጅም፣ ሹራብህ ክርኑ ላይ የተበሳ።

«የርዲስ እባላለሁ» አልኩህ። «ስለ ሬዲዮ የማውቀው መክፈቻው በስተቀኝ መሆኑን ብቻ ነው።»

አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረግክ። ምን ነካው፣ ደነገጠ እንዴ ብዬ ነበር። የሰሜን ሰዎች «አዎ» የምትሉት እንደዚያ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

«እሱ ይበቃል» አልክ። «የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ። ችግሩ እኔ የማውቀው ለማንም አለመግባቱ ነው።»

በዚህ ተስማማን። አንተ ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የተጻፈውን ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በቡና ሰዓት ለሠራተኛው ሁሉ ጮክ ብለህ ታነባለህ። መጋዘን መጽሐፍ የምታሽገው ማይሊስ ካልገባት ምዕራፉ ይመለሳል። ሐሳቡ ያንተ ነበር፤ እኔ ነኝ እያልኩ በየስብሰባው የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይኸው እሱንም ተናዘዝኩ።

መቼም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትረሳቸውም። ታነባለህ፣ ሁሉም ይነቀንቃል። «ግልጽ ነው?» ትላለህ፣ «በጣም ግልጽ» ይሉሃል። ዮቴ ይነቀንቃል፣ ማይሊስ ትነቀንቃለች፣ እኔም ራሴ የጻፍኩት ሳይገባኝ እነቀንቃለሁ። እኛ አገር ሰው አልገባኝም ብሎ ሌላውን ከማስቸገር ቡናው ምላሱን ቢያቃጥለው ይመርጣል። አንድ ሐሙስ ታዲያ ፊትህን ሳትለውጥ እንዲህ ብለህ አነበብክ፦ «ሁለቱ መሣሪያዎች ከተዋወቁ በኋላ፣ ታናሹ መሣሪያ እናቱን ስልክ ደውሎ ያስፈቅዳል።» ሁሉም ነቀነቀ። ዮቴማ «ጥሩ ነው፣ እዚህ ጋ በጣም ግልጽ ነው» አለ። ወረቀቱን አስቀመጥክና በየተራ አየኸን። ማይሊስ መጀመሪያ ገባት። የቀረፋ ዳቦዋን ሳህኑ ላይ ወርወር አድርጋ፣ «አንተ ቀጣፊ! መሣሪያ እናት አለው እንዴ?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን በኋላማ ማይሊስን ማን ይቻላት!

«ለምንድን ነው ሬዲዮው የሚዘለው? ምን ሆኖ ነው አንድ ቦታ የማይቀመጠው?»

«ሰባ ዘጠኝ ክፍል ያለው ቤት አስቢ» አልካት። «በየክፍሉ ሌላ ሰው እየጮኸ ነው። አንቺና እኔ ደግሞ ማውራት አለብን። ስለዚህ በተስማማነው ተራ ከክፍል ክፍል እንሄዳለን። በሴኮንድ ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ።»

«እግሬ ይጣመማል።»

«አንድ ክፍል ውስጥ ጩኸት ቢበዛ ወዲያው እንለቅቀዋለን። የሚያደምጠን ሰውም የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለን አያውቅም።»

«ተራውንስ ማነው የሚያወጣው?»

«አንደኛችን። ሌላው ይከተላል።»

«እንግዲያው አንተ ተከተለኝ» አለችህ። ያቺ ገለጻ ከነማይሊስ ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ ገባች፣ እስከ ዛሬም አለች። ባለፈው ዓመት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የመጡ አንድ መምህር «ስለዚህ ነገር ሳስተምር ከዚያች ገጽ የተሻለ አላገኘሁም» ሲሉኝ ደረቴ ተነፍቶ ኮቴ አልቆለፍ አለኝ። ኩራቴን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ፣ በሩን ስከፍት ግን አንተ ትዝ አልከኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። በኮራሁ ቁጥር ከኋላው አንተ ትመጣለህ።

አሁን ወደ ገጽ አርባ ሰባት እንሂድ።

እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ አድራሻ አለው፤ ስድስት ጥንድ ቁጥርና ፊደል። በወረቀት ላይ ስንጽፈው ከፊት እንጀምራለን። ሬዲዮው አየር ላይ ሲልከው ግን ከኋላ ይጀምራል፣ የመጨረሻው ጥንድ ቀድሞ ይወጣል። ይኼን ዛሬ በእንቅልፌም እነግርሃለሁ። በ2001 ሴፕቴምበር ግን አላውቅም ነበር። አንተ በጽሑፉ ውስጥ አድራሻውን በወረቀት ሥርዓቱ አስቀመጥክ፣ ከሥሩ ባለው ሥዕል ደግሞ አየር ላይ እንደሚታየው፣ ተገልብጦ። ሁለቱም ልክ ነው። እኔ ግን የድርሰት መምህር ነኝ። አንድ ገጽ ላይ አንድ አድራሻ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተጽፎ ሳይ ታየኝ፦ ቶርግኒ ተሳስቷል!

አንተ ደግሞ የለህም። የትልቁ አጋዘን አደን የተከፈተበት ሳምንት ነው፣ ከወንድሞችህ ጋር ጫካ ገብተሃል፣ ስልክህ መኪናህ ውስጥ ተቆልፎበታል። ማተሚያው አርብ ይጀምራል። ቀይ እርሳሴን አወጣሁና ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር አስማማሁት። አራት ቦታ። አራቱንም ቦታ አሳምሬ ገለበጥኩት፣ ለራሴም «ጎበዝ የርዲስ» አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጭስ ጭስ እየሸተትክ፣ ለማይሊስ ሥጋ በከረጢት ይዘህ መጣህ። ረቂቁን ሰጠሁህ። ሳትገልጠው ፈረምክ።

«አታየውም?» አልኩህ።

«ከመሄዴ በፊት አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺ ካየሽው በቂ ነው።»

ያን ጊዜ «አራት ቦታ አርሜያለሁ» ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? ምንም። ግን ላሳፍርህ አልፈለግኩም። ትልቁን መሐንዲስ «ስህተት አገኘሁብህ» ብዬ ፊት ለፊት ማለት ነውር መሰለኝ። በጨዋ ደንብ ዝም ብዬ አረምኩልህ፣ በጨዋ ደንብ ዝም አልኩ። ብልግና ቢኖረኝ ኖሮ መጽሐፉ ይድን ነበር።

ኖቬምበር ላይ አንባቢዎችን ጠርተን ስብሰባ ስናደርግ ስልሳ ሰው መጣ። ከዴንማርክ የመስሚያ መሣሪያ የሚሠሩትም በባቡር የባሕሩን ድልድይ ተሻግረው መጡ። ቢርተ የምትባለዋ፣ ያቺ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች መሐንዲስ፣ መጽሐፉን ይዛ ተነሣች። ገጽ አርባ ሰባት በቢጫ ምልክት ታጭቆ ነበር።

«መጽሐፋችሁን ወደነዋል» አለች። «ብቻ በዚህ ገጽ መሠረት ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መሣሪያ ስንጠራ ከረምን። አይመልስም። በኋላ ስናጣራ እንደዚያ የሚባል መሣሪያ በዓለም ላይ የለም።»

ሰው ሳቀ። ዮቴ አልሳቀም፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። አንተ መጽሐፉን ተቀብለህ አየኸው። ጆሮዎችህ ከጫፍ ጀምሮ ሲቀሉ አየሁ። ከዚያ ቀና ብለህ ወደ እኔ አየህ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አወቅክ። እኔም ማወቅህን አወቅኩ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር ቶርግኒ፣ እምላለሁ ከፍቼ ነበር። አንተ ግን ቀደምከኝ።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አልክ። «ገልብጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንታችሁን ስለበላሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አፌን ዘጋሁት። እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት ሳይሆን እፎይታ ነበር። ተረፍኩ ነው ያልኩት። ኀፍረቱ የመጣው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን መስታወት ውስጥ ሳየው ነው፤ ከዚያ ወዲህማ ለቆኝ አያውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ይዤ አቆምኩህ። «ምን አድርገህ ነው? እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ወደ መስኮቱ ዞር አልክና፣ «መሐንዲስ ቢሳሳት፣ አንድ መሐንዲስ ተሳሳተ ይባላል፣ ያልፋል» አልክ። «የቋንቋ መምህሯ ቁጥር ነካች ከተባለ ግን ከነገ ጀምሮ መጽሐፉን መሐንዲሶች ብቻ ይጽፉታል። ያኔ ለማይሊስም አይገባትም፣ ለማንም አይገባም። እኔ ሃያ ዓመት እንደዚያ ጽፌያለሁ፤ ማንም አላነበበኝም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግሪያቸውም። ጻፊ።»

እኔም እሺ አልኩ። አዘዝከኝ፣ ታዘዝኩ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ! እኔ የማንን ትእዛዝ ሰምቼ አውቅና ነው? የፈራሁት ለራሴ ነው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ መጋዘን ገብተህ ከማይሊስ ጋር በየመጽሐፉ ውስጥ የእርማት ወረቀት ስትለጥፍ ከረምክ። ወረቀቱን ራስህ ጻፍከው፣ እኔ እጄን አላስነካሁም፣ አምስት ዓረፍተ ነገር። «በወረቀት ላይ ከፊት እንጀምራለን። አየር ላይ ከኋላ ይጀመራል። ሁለቱም አንድ አድራሻ ነው። ከመጥራትህ በፊት የት እንደቆምክ እይ። እኛም ይኼን ረስተን ነበር።» እኔ ያላረምኩት ብቸኛ ጽሑፍህ እሱ ነው፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለውም እሱ ነው። ስንት ጊዜ ልነካካው ሞክሬ አንድ ቃል አጣሁበት።

ሁለተኛው እትም ሲወጣ ዮቴ ስምህን ከሽፋኑ አነሣው። «ለገበያው ነው፣ ቶርግኒም ተስማምቷል» አለኝ። መስማማትህን አልጠራጠርም፤ ራስህን ከቤትህ አውጣ ቢሉህም ጫማህን አድርገህ ትወጣ ነበር። በጸደዩ ወደ ሰሜን፣ አይብ ወደሚሠራባት ወደ ቡርትሬስክ ተመለስክ። በስንብትህ ቀን ለድግስ የምንበላውን አረንጓዴ ኬክ ቆረስን፣ እኔም ንግግር አደረግኩ። ስለ ሹራብህ ቀለድኩ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነትህ አወራሁ። ስለ ገጽ አርባ ሰባት አንዲት ቃል አልወጣኝም። አንተ እጄን ጨብጠህ «ጥሩ ንግግር ነው» አልከኝ፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ሲያንገበግበኝ አለ።

መጽሐፉ ከዚያ በኋላ የሄደበትን መንገድ እንደተከታተልክ አላውቅም። ሰባት እትም ወጣ። ፊንላንዶች ተረጎሙት፣ ፖላንዶች ተረጎሙት። ደንቡ በተለወጠ ቁጥር እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ኃይል ቆጣቢው ዓይነት መጣ፣ ድምፅ የሚያስተላልፈው አዲሱ መጣ፣ ምዕራፎቹ ተቀያየሩ። ሥርዓቱ ግን ያንተው ነው። ዛሬም ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ይቀዳል፣ ምዕራፍ ይነበባል፣ ያልገባው እጁን ያወጣል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አሁንም በሁለተኛው ሳምንት ያችን የእናት ነገር አስገብተን እናነብበታለን። ነቅንቆ ካለፈ ለሚቀጥለው ጊዜ ቡና አፍይ እሱ ነው። ባለፈው ዓመት አሳታሚዋ ራሷ ነቀነቀች!

እንግዲህ ማርች ላይ ማተሚያ ቤቱ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ሁለት መቶ ሰው በተሰበሰበበት እንድናገር ጠየቁኝ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ከእንግዲህ ከሥራ ቢያባርሩኝ ምን እንዳይቀርብኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ንግግሬን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«በ2001 ገጽ አርባ ሰባት ላይ የነበረው ስህተት የቶርግኒ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። በቀይ እርሳስ፣ አራት ቦታ፣ እሱ ጫካ እያለ። ስሙን ከሽፋኑ ያስነሣሁትም እኔው ነኝ፣ ዝም በማለቴ።»

ከወደ ኋላ አንዲት ጸጉሯ የነጣ ሴት ተነሣች፤ ቢርተ ናት! ሃያ ሁለት ዓመት አላየኋትም ነበር።

«እናውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ምን?»

«እናውቅ ነበር። የዚያን ዕለት ባቡሩ ድልድዩን ሳይጨርስ ደርሰንበታል። ያንን ሬዲዮ በእጁ የሠራ ሰው አንዱን ጥንድ ሊዘነጋ ይችላል። አራት ቦታ ላይ እንዲህ ኮለል አድርጎ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይስት አይገለብጥም። ‹ይኼ የመምህር እጅ ነው› ተባባልን።»

ሁለት መቶ ሰው ሳቀብኝ። ይሳቁ! ይገባኛል።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» አልኳት።

«እሱ ራሱ ዝም ሲል እኛ ማን ነንና እንናገር?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ የርዲስ። ከዚያ ስብሰባ ስንመለስ መጽሐፉን ልንጥለው ነበር የወሰንነው። ያልጣልነው በእሱ ምክንያት ነው። ባልደረባውን ለመሸፈን ስልሳ ሰው ፊት የሚቆም ሰው የጻፈውን መጽሐፍ እናምነዋለን አልን። የእርማት ወረቀቱ ደግሞ ቤተ ሙከራችን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። አዲስ የሚገባ መሐንዲስ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያነባል። የእኛን የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው ሁሉ፣ ከዚያ ወረቀት በተማረ እጅ የተሠራ ነው ያደረገው።»

ያኔ አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ማይክራፎን ፊት፣ አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግኩ። ኀፍረት እንዳይመስልህ። ኮራሁ ቶርግኒ! በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። በራሴ አልነበረም፤ በአንተ ነው። አዳራሹም ቆሞ ሲያጨበጭብ ለማን እንደሚያጨበጭብ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማይሊስ በሰማንያ ሦስት ዓመቷ ከፊት ተቀምጣ በከዘራዋ ወለሉን እየደበደበች፣ «እሱን በይ! እሱን በይ!» ትል ነበር።

አንተ አልነበርክም። ጋብዘውህ «መንገዱ ይርቃል» ብለሃል።

ለምን አልፈርምም እንዳልክ ይገባኛል። አንተም እኔም ያደግነው ራሱን ከፍ ያደረገ ሰው እንዴት በጎን እንደሚታይ እያየን ነው። አባትህ ቤተ ክርስቲያን በገዛ እጁ ሠርቶ ስሙን የትም እንዳልጻፈ አጫውተኸኛል፣ በኩራት ነው ያወራኸኝ። ግን ልጠይቅህ፦ አባትህ በሠራው ቤት ላይ የሌላ ሰው ስም ቢጻፍበትና ያ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ቢመሰገንበት፣ ያኔም «ተዉት» ትል ነበር? አንተ ትሕትና ትለዋለህ። በእኔ በኩል ሲታይ ግን ሌብነት ነው፣ ሌባዋ ደግሞ እኔ ነኝ። የምትተወው ያንተን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልልህም ነበር።

እና ወደ ነገሩ። መቅድሙን ጽፌ ለማተሚያው ሰጥቻለሁ፣ ገብቷል። ገጽ አርባ ሰባትን፣ ቀይ እርሳሱን፣ አደኑን፣ ኮሪደሩን፣ ሁሉንም እንደነበረ አስፍሬዋለሁ። ለእሱ ያንተ ፈቃድ አያሻኝም፤ ስህተቴ የራሴ ንብረት ነው። የእርማት ወረቀትህም ከነስምህ ገጽ አርባ ሰባት ላይ ቦታውን ይዟል፤ በ2001 ለማተም ፈቃድ የሰጠህበት ፊርማ መዝገብ ውስጥ ስለተገኘ አሳታሚዋ ይበቃል ብላለች። ስለዚህ የቀረው ሽፋኑ ብቻ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የስምህ ፈቃድ ነው፤ ከታች የምትፈርምበት መስመር አለው፣ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታም አብሬ አድርጌያለሁ። ሁለተኛው ለአሳታሚዋ የሰጠሁት ደብዳቤ ግልባጭ ነው። እሱን በደንብ አንብበው። ያንተ ፊርማ እስከ ሜይ 15 ካልደረሰ የእኔም ስም ከሽፋኑ እንዲወጣ ፈርሜበታለሁ። አሳታሚዋ እየለመነችኝ ነው፣ «ሰባት እትም ሙሉ የሚያውቁሽ በስምሽ ነው፣ ባዶ ሽፋን ማን ይገዛል?» ትላለች። እንጃ፣ አልኳት። ይኼን የሚያውቀው ቡርትሬስክ ያለው ሰውዬ ነው።

አትቆጣኝ። ማስፈራራት ነው ትለኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ማስፈራራት ነው። በልመና ሞክሬ የአይብ ሥዕል ነው ያገኘሁት።

ያኔ ስልሳ ሰው ፊት የእኔን ስም ያተረፍከው የራስህን ሰጥተህ ነው። አሁንም እጅህ ላይ ነው ያለሁት። እንደገና ልታተርፈኝ ከፈለግክ፣ በዚህኛው ጊዜ ስምህን መልሰህ መውሰድ አለብህ።

የምትኮራብህ፣
የርዲስ